በጥርስ የሚበራ መብራት

ኩ ቺ፣ ቬትናም
መጋቢት 9 ቀን 1967 እ.ኤ.አ.

…ግን መጀመሪያ የገባው እሱ ነበር፤ እኔ ነኝ እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ኖሬ ነው እንጂ። የስኳር ፋብሪካው የእንፋሎት ጋን ውስጡ ሊፋቅ ቀዝቅዞ፣ አለቃው "ከእናንተ ቀጭኑ ማነው?" ሲል፣ ኒካኖር ሸሚዙን አውልቆ በቀዳዳው ሾልኮ ገባ። እኔ ውጭ ቀረሁ። መፋቂያው ብረቱን ሲፍቅ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ መፋቁ ቆመ። ስጠራው አይመልስም። ስጠራው አይመልስም፤ ጭንቅላቴን በቀዳዳው አስገብቼ…

እታለም ዴልፊና፣ ለምን ከዚህ እንደጀመርኩ አላውቅም። መጀመሪያ እንደምን ሰነበትሽ ማለት ነበረብኝ። እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤዬ ከቴሌግራሙ በኋላ በመድረሱ ይቅር በይኝ። ወረቀቱን አውጥቼ መልሼ የከተትኩበትን ቀን አልቆጥርልሽም። ባልሽ ነው፤ ለእኔ ደግሞ የእኅቴ ባል ከመሆኑ በፊት ጓደኛዬ ነበር፤ ግን ያንቺ ይበልጣል፤ ይህን አውቃለሁ።

ተሠቃይቷል ወይ ብለሻል። አልተሠቃየም። ሰው ሁሉ እንዲህ እንደሚጽፍ አውቃለሁ። ቢሆንም አልተሠቃየም።

ጠዋት ምን በላ ላልሽው፣ የቆርቆሮ ኮክ በላ። ጭማቂውን ለእኔ ተወልኝ።

ማን ተሸከመው ላልሽው፣ እኔ በእግሩ በኩል ነበርኩ።

ስለ ፉጨቱ ጽፎልሽ እንደነበር አላውቅም ነበር። አዎ፣ እውነት ነው። እዚህ ከምድር ውስጥ የሚወጣ ሰው ጭንቅላቱን ከማሳየቱ በፊት ማፏጨት አለበት። ጠላት የቆፈረውና እኛ የምንፈትሸው ጉድጓድ መግቢያው አንድ፣ መውጫው ብዙ ነው። እዚህ ጋ የገባ ከቀርከሃው ጀርባ ብቅ ይላል። ላይ ሆነን የምንጠብቅ ሰዎች የሚወጣው ማን እንደሆነ አናውቅም። ካፏጨ የእኛ ነው። ሌሎቹ ቡድኖች ዘፈን ያፏጫሉ። ኒካኖር ግን የደሴታችንን ኮኪ አስተማረን፤ ያችን የአውራ ጣት የምታህል እንቁራሪት፣ ሁለቱን ድምፅ ብቻ፣ ዝቅና ከፍ። ታብስ የሚባል የኦሃዮ ልጅ አለ፣ ቀይ ጸጉር፣ ከበር የማይገባ ግዙፍ። እሱ ሲያፏጭ ኒካኖር ይናደዳል።

"አንተ! እንቁራሪት ነው ያልኩህ እንጂ የታመመች ላም አይደለም!"

"በእኛ አገር እንቁራሪት አይዘፍንም፣" ይለዋል ታብስ፣ "ይጠበሳል!"

አዲሱ የግንባር መብራት ሳጥን ከእናንተ ፋብሪካ ሲመጣ ኒካኖር ማኅተሙን አይቶ ሰዉን ሁሉ ጠራ። "ይህን ሚስቴ ነክታዋለች" አለ። ጎማውን አፉ ውስጥ አድርጎ ግንባሩ ላይ መብራቱን አበራ፣ አጠፋ፣ አበራ። "ከዛሬ ጀምሮ የሚስቴ እጅ አፌ ውስጥ ነው፤ እንዳልሳደብ" አለ። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

የሞቱ ወረቀት በጠላት ተኩስ ይላል። ወረቀቱ የሚለውን ይላል።

እማማን ሳሚልኝ። እየበላች ነው? አንቺስ አልቅሰሽ እንደሆነ፣ ሥራሽም ምን እንደሚመስል ንገሪኝ።

ወንድምሽ ኤላዲዮ


ብሪጅፖርት፣ ኮነቲከት
መጋቢት 27 ቀን 1967

ወንድሜ ኤላዲዮ፣

እየበላች ነው። እኔ እንድበላ ብላ ነው የምትበላው፤ እኔም እሷ እንድትበላ ብዬ እበላለሁ። እንዲህ ሆነን ምግቡ ያልቃል።

እንደ አገራችን ልማድ ዘጠኙን ሌሊት መቁጠሪያ ደገምንለት። ጎረቤታችን ዶኛ ኡርሱላ መራችን። ከፎቅ በታች ያሉት ሁሉ ብስኩትና አይብ ይዘው መጡ፤ ወንበር ስላልበቃ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አልቅሰሽ እንደሆነ ጠይቀኸኛል። አላለቀስኩም። ሴቶቹ አለቀሱልኝ። እኔ እንባዬን አንድ ቦታ አስቀምጬ እንደረሳሁት ቁልፍ እፈልገዋለሁ። እዚሁ ቤት ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ።

ጸሎቱ ባለቀ በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። ምን ላድርግ? ቤት ውስጥ የእሱ ጫማ አለ።

ሥራው ምን እንደሚመስል ንገሪኝ ያልከኝ ለማስረሳት ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ልንገርህ። ትንሽ ጥቁር ጎማ ናት። ውስጧ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ቅጠሎች አሉ። በጥርስ ስትነከስ ቅጠሎቹ ይነካካሉ፤ ግንባር ላይ ያለው መብራት ይበራል። ጥርስ ሲላላ ይጠፋል። እጅ ለሽጉጥና ለመዳህ ነጻ ይሁን ተብሎ ነው። እኔ ቅጠሎቹን አስገባለሁ፤ ቫንዳ ትዘጋለች፤ ማሰሪያውን ትሰፋለች። ማሰሪያው አዲስ ነው። በፊተኞቹ ጎማው ከአፍ እየወደቀ አስቸግሮን ነበር ስላላችሁ፣ ጉንጭን ዞሮ ማጅራት ላይ የሚቆለፍ ማሰሪያ ተጨመረ። ይህን የጻፈልኝ ኒካኖር ነው። ለመሐንዲሱ ለሚስተር ሃስኬል ያደረስኩት እኔ ነኝ። እናንተ ጋ የደረሰው ሳጥን ማሰሪያ ያለው የመጀመሪያው ነው።

ቫንዳን ታስታውሳታለህ፤ ፖላንዳዊቷ፣ በሠርጌ ላይ ከአንተ ጋር ጨፍራ እግርህን የረገጠችህ። "ይህን ነገር ለባሌ ወስጄ ባሰርኩለት፣ ማታ ማታ ዝም እንዲልልኝ!" ትል ነበር ሁልጊዜ። ከኒካኖር ወዲህ አትልም። እንድትል እፈልጋለሁ። አንድ ሰው እንደ ድሮው ቢናገረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሚስተር ሃስኬል፣ መሣሪያውን ያወጣው መሐንዲስ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። "ወይዘሮ ዴልፊና፣ በባለቤትዎ ስም አሳምረን እንሥራው" አለኝ። ትልቅ ትእዛዝ መጥቷል። በሰኔ መጨረሻ ይላካል። የተጠቀሙበት ወታደሮች ምን እንደሚሉ ማወቅ ይፈልጋል፤ አንተን ጠይቂልኝ ብሎኛል።

እኔ ደግሞ አሁን ፊት የሚገባው ማነው፣ ለምንስ ቦታ እንዲቀይሩህ አትጠይቅም እልሃለሁ፤ የጋኑንም ታሪክ ጨርስልኝ፤ ሌላውን ጥያቄ ከታች በእርሳስ ጽፌዋለሁ። መመለስ ካልፈለግህ አትመልስ።

እኅትህ ዴልፊና


ኩ ቺ
ሚያዝያ 14 ቀን 1967

እታለም፣

ለሚስተር ሃስኬል እንዲህ በይልኝ። አሮጌው ሽጉጥ ጉድጓድ ውስጥ ሲተኮስ ጆሮ ይደፍናል፤ እስኪመሽ ድረስ ሰው ሲያወራህ አፉ ብቻ ሲንቀሳቀስ ታያለህ። አዲሱ ባለ ድምፅ ማፈኛ ሽጉጥ ግን እንደ አሮጌ ቄስ ይስላል እንጂ አይጮህም። ጥሩ ነው። ግን ማፈኛው ሽጉጡን ክንድ የሚያህል አድርጎታል፤ መታጠፊያው ላይ ግድግዳውን ይመታል፤ አፈር ይጎርሳል። የጆሮው ማዳመጫ ይወልቃል። ጉሮሮ ላይ የሚታሰረው መነጋገሪያ ደግሞ የሚያሰማው የልብ ምት ብቻ ነው። ታብስ ከላይ ሆኖ፣

"ከበሮ ይዘህ ነው እንዴ የወረድከው?" አለኝ።

"ልቤ ነው።"

"በል ዝም አሰኘው፣ ሊያስበላን ነው።"

ስለ መብራቱ፣ ይበራል በይው።

አሁን ፊት የሚገባው ማነው ላልሽው፣ እኔ ነኝ። ለምን ቦታ እንዲቀይሩህ አትጠይቅም ብለሻል። ጠይቄ ነበር። መቶ አለቃ ኦግደን ከእግር እስከ ራሴ አየኝና "አንተን የሚያህል ሌላ ሰው አምጣልኝ" አለኝ። ሳቀ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሁለተኛው ሳጥን ሲመጣ ባለ ማሰሪያውን ሁላችንም እንለብሳለን፤ ያልለበሰ አይወርድም ብሏል።

የጋኑን ታሪክ ጨርስልኝ ላልሽው፣ ታሪክም አይደለም። እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እኔ ውጭ ስጮህ እሱ ሙቀቱ ተስማምቶት እዚያው ተኝቷል። አለቃው በዘነዘና ጋኑን ሲመታው ነቃና "ግቡ፣ ክፍት ነው!" አለ።

ሰዓቱንና ምላጩን ልኬልሻለሁ። ልብሱን አልላክሁትም።

በእርሳስ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። የሞተው መውጫው አጠገብ ነበር ወይስ ውስጥ ነው የምትዪው። ይህን ለምን ጠየቅሽኝ? ወረቀቱ ጉድጓድ ውስጥ ይላል። እንግዲህ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ደብዳቤዬ ስላጠረ አዝናለሁ። እጄ ደህና ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቢ።

ኤላዲዮ


ብሪጅፖርት
ግንቦት 8 ቀን 1967

ኤላዲዮ፣

ሰዓቱ ደርሶኛል። ይሠራል። መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ማታ ይሰማል።

ሰላምታውን እዚህ ላይ ትቼ ወደ ነገሬ ልግባ፤ ሰላምታ ስጽፍ ወረቀቱ አልቆ ነገሩን የማልጽፍ ይመስለኛል።

ለፍተሻ የተመለሱ ዕቃዎች በሣጥን መጡልን። ሥራችን ነው፤ የተመለሰውን ፈትተን ምን እንደተበላሸ ማየት። ቫንዳ ታማ ቀርታ ስለነበር የእሷንም እኔው ያዝኩ። አንዱን አንሥቼ ጎማውን ገለበጥኩት። የጥርስ ምልክት አለበት። ሁሉም አለባቸው፤ የሚገርም አይደለም። ይህኛው ግን በላይኛው ረድፍ፣ በግራ በኩል፣ አንድ ጥርስ ግማሽ ነው። አግድም የተሰበረ።

ያን ጥርስ አውቀዋለሁ። በርግብ አጥንት የሰበረው ጊዜ አብሬው ነበርኩ፤ ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሲስቅ ስንት ጊዜ ያየኋት ጥርስ ናት።

ጎማውን በጣቴ ዳሰስኩት። በሌሎቹ ላይ ምልክቱ ስስ ነው። የእሱ ግን መዳቡ ድረስ ወርዷል። ሰው በፍርሃት እንዲህ ይነክሳል? አላውቅም። አንተ ታውቃለህ።

አብሮት የመጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ማብሪያው ደህና፤ መብራቱ ደህና፤ ማሰሪያው እስከ መጨረሻው አልተፈታም፤ እንከን የለውም።

ማሰሪያው አልተፈታም ይላል፣ ኤላዲዮ።

ጎማውን የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። መስረቄ ነው። ምሳ በላሁ፤ የበላሁትን አላስታውስም። ከሰዓት በኋላ ስሠራ ቆይቼ አዲስ ከተሠሩት አንዱን አፌ ውስጥ አደረግሁና ማሰሪያውን ማጅራቴ ላይ ቆለፍኩት። ከዚያ ያን የእሱን ፉጨት ሞከርኩ። ሁለቱን ድምፅ ብቻ።

አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች አበደች ብለው አዩኝ። የወጣው አየር ነው። አየርና ምራቅ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ በእርሳስ አይደለም፣ በቀለም ነው። የማንም ስም አልፈልግም። እሱ በምን አፏጨ?

ዴልፊና


ኩ ቺ
ግንቦት 25 ቀን 1967

እታለም፣

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። ጊዜውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚሄድ ልጅ ያደርስልሻል። ምንም አትጠይቂው፤ ምንም አያውቅም። አንብበሽ አቃጥይው።

አላፏጨም።

ሁለታችን ነበር የወረድነው። የእኔ መብራት ጠፋብኝ፤ ጭንቀትም ነበረብኝ፤ እግሩን ሁለቴ ነካሁትና ወደ ኋላ ተመለስኩ። ሁለቴ መንካት እመለሳለሁ ማለት ነው። እሱ ወደፊት ቀጠለ። በገባሁበት ስወጣ አፏጨሁ፤ የእኔ አሮጌው ነው፣ ማሰሪያ የለውም። ላይ ታብስና አንድ ሌላ ሰው ነበሩ። "ኒካኖርስ?" አሉኝ። "ይመጣል፣ ያፏጫል" አልኳቸው። ያልኩት ይህን ነው።

ቆየን። ከዚያ በስተግራ፣ ከቀርከሃው ሥር፣ መውጫ ይኖራል ብለን ያላሰብነው ቦታ ቅጠሉ ተነቃነቀ። መብራት የለም። መውጫ ላይ መብራት አይበራም፤ ያ ደንባችን ነው፣ እሱ ነው ያስተማረን። ፉጨት የለም። ድምፅ ግን ነበር። ሰው አፉ ታፍኖ እንደሚያጉረመርም ያለ። ሁለት ጊዜ። አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ ያለ። አሁን ሳስበው የእንቁራሪቷ ሁለት ድምፅ መሆኑ ይገባኛል። ያን ጊዜ የማናውቀው ቋንቋ መሰለን።

አንድ እጁ ሽጉጥ ይዟል። በሌላው መሬቱን ይዞ ራሱን እየጎተተ ነው። ማሰሪያውን የሚፈታበት ሦስተኛ እጅ የለውም።

ማን እንደሆነ አልጠየቅሽኝም፤ ስም አልፈልግም ብለሻል። እኔ ልንገርሽ። ሦስት ነበርን። ሦስታችንም ተኮስን።

ታብስ ከዚያ ወዲህ አይቀልድም። መቶ አለቃ ኦግደን መጥቶ አየ። ከዚያ "ጉድጓድ ውስጥ፣ በጠላት ተኩስ" ብሎ ጻፈ። ለእኛ ብሎ ነው። ለአንቺም ብሎ ነው፤ የጡረታው ነገር እንዳይጓተት። ይህ ቢወጣ ሦስታችንም እንታሰራለን፤ እሱም ከእኛ ጋር።

ምን እንደሚሰማኝ ብትጠይቂኝ፣ እበላለሁ። እተኛለሁ። ትናንት ሰውነቴን ስታጠብ ውሃው የፈላ መሆኑን ያወቅሁት ቆዳዬ ሲቀላ ነው።

ሁለተኛው ሳጥን በሐምሌ መጀመሪያ ይደርሳል አሉ። ሁሉም ባለ ማሰሪያ። መቶ አለቃውን ማሰሪያው ይቅርብን አልኩት። "ለምን ልበል? ምክንያት ጻፍ ቢሉኝ ምን ልጻፍ?" አለኝ። በቢላ እንቆርጣለን ብለን ነበር፤ ጎማው ያለ ማሰሪያው ይወድቃል፣ ሲወድቅ መብራቱ ይጠፋል፣ ውስጥ መብራት የጠፋበት ሰው ደግሞ… ይህን ተይው።

ለማንም አትናገሪ። ለእማማም፣ ለቫንዳም፣ ለቄሱም። ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም፤ ቃሉን ለሌላ ነገር ስጠቀምበት ስለኖርኩ አሁን ያንስብኛል።

ኤላዲዮ


ብሪጅፖርት
ሰኔ 14 ቀን 1967

ወንድሜ፣

ልጁ መጣ። እማማ ሩዝና አተር ሰጠችው፤ ሁለቴ ጨመረ። ደብዳቤህን ኩሽና ቆሜ አነበብኩና እቃ ማጠቢያው ውስጥ አቃጠልኩት። ውሃ ከፍቼ አመዱን ሸኘሁት። ከዚያ የልጁን ሳህን አጠብኩ።

ምን ተሰማሽ ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ልንገርህ አልችልም። ክፉ ልሆንብህ ፈልጌ አይደለም። ገና አልደረሰኝም። አንተን ስጠላህ ወይ ስምርህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ሞክሬ ነበር፤ ሁለቱም እንደ ሌላ ሰው ልብስ አልልክ አሉኝ። አሁን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደዚያ ጉድጓድ የምትወርደው አንተ ነህ፣ አፍህን የምዘጋው ደግሞ እኔ። በየቀኑ፣ ቅጠል ሳስገባ።

አንድ ቀን ቅጠሎቹን አጣምሜ ላስገባ አሰብኩ። እንዳይበሩ። ከዚያ ያለ መብራት ስትዳህ ታየኝና ተውኩት።

ለማንም አትናገሪ ብለሃል። ትናንት ሚስተር ሃስኬል ቢሮ ሄድኩ።

ቆይ፣ አንብብ።

በሩ ክፍት ነበር፤ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ የማሽኑን ድምፅ መስማት ይወዳል። ጸሐፊዋ ውጭ ተቀምጣለች። ሁለት የሠራዊቱ ሰዎች መተላለፊያው ላይ ሲጋራ ያጨሳሉ፤ ሳጥኖቹን ሊያዩ የመጡ ናቸው። ቫንዳ ደረጃው ድረስ ሸኝታኝ "ቀና ብለሽ ሂጂ፣ ደሞዝ ልትለምኚ የሄድሽ አትምሰዪ" አለችኝ። ምን ልል እንደሆነ አታውቅም።

"ወይዘሮ ዴልፊና፣ ይቀመጡ" አለኝ።

አልተቀመጥኩም። "ማሰሪያው ይውጣ" አልኩት። "ማብሪያው ከአፍ ይውጣና ሌላ ቦታ ይሁን። ሽጉጡ እጀታ ላይ፣ አውራ ጣት ሥር። እስኪሠራ ድረስ ሳጥኖቹ አይሂዱ።"

"ማሰሪያውን የጠየቁት እነሱ ናቸው እኮ። እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ?"

"ከጉድጓድ የሚወጣ ሰው ያፏጫል። ካላፏጨ የራሱ ወገን ይተኩስበታል። ይህ የታሰረበት ሰው አያፏጭም።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ኤላዲዮ፣ ሰውየው ሞኝ አይደለም። ፊቱ ላይ ነገሩ ሲገባው አየሁት፤ ቀስ ብሎ፣ ከዓይኑ ጀምሮ ወደ ታች። ወረቀቶቹን አገላበጠ። "እንዲህ የሚል ሪፖርት የለኝም" አለ። "ሁሉም እንከን የለውም ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ያውቃል?"

ኪሴ ውስጥ ያለውን ጎማ ያዝኩ።

"ወይዘሮ ዴልፊና፣ ትእዛዙን የማስቆም ሥልጣን አለኝ። ግን ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ምክንያቱን ስጽፍ ከየት እንደሰማሁት ይጠይቁኛል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ወደ መተላለፊያው አየ። "ወንድምዎ እዚያ ነው አይደል? እሱ ነው የጻፈልዎት?"

"አይደለም።"

"ማን ነገረዎት?"

ጎማውን ከኪሴ አውጥቼ ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጥኩለት። ጥርሱ ወደ ላይ ሆኖ።

"ባሌ" አልኩት።

ጎማውን አየው። አልነካውም። ከጎማው ጋር የታሰረችውን የመለያ ቁጥር አነበበ፤ ከመሳቢያው የኒካኖር ስም ያለበትን ወረቀት አውጥቶ ከቁጥሩ ጋር አስተያየ።

"ይህ የመንግሥት ንብረት ነው" አለኝ፤ በዝግታ።

"አውቃለሁ።"

"ባለቤትዎ ሞተዋል፣ ወይዘሮ ዴልፊና።"

"አዎ" አልኩት።

ውጭ ከሠራዊቱ ሰዎች አንዱ በአንድ ነገር ሳቀ። ሚስተር ሃስኬል መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። ከዚያ ተነሣ፤ በአጠገቤ አለፈና በሩን ዘጋው።